ከእምብርት በታች ያለ ዕብጠት እንዴት መታየት ጀመረ? የአልትራሳውንድ ታሪክና የእኛ ጉዳይ



በጉንደ ወይንና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች አንዲት ሴት ከእምብርቷ በታች ማበጥ ስትጀምር፣ ዕብጠቱ ከመመርመሩ በፊት ስም ይወጣለታል። ያገባች ከሆነች «ሆዷ ገፍቷል» ይባላል። ያላገባች ወይም ባሏ የሞተባት ከሆነች ሐሜቱ ከበሽታው ይቀድማል። በዕድሜ ገፋ ያለች ከሆነች «ወፈረች፣ ደላት» ይባልላታል። ስሙ የሚወጣው በዓይን ነው፤ ዓይን ግን ከቆዳ በታች አያልፍም።

የማኅበሩን መዝገብ የምንይዝ ሰዎች እንደመሆናችን ይህን ጉዳይ ከሌላ በኩልም እናየዋለን። በብድር መዝገባችን «የተጠየቀበት ምክንያት» በሚለው ዓምድ ሥር «ለሕክምና» የሚል ቃል እየደጋገምን እንጽፋለን። ከዚያ ቃል በስተጀርባ የተሸጠች በግ፣ የተያዘ መሬት፣ ከትምህርት የቀረች ልጅ እንዳለ እናውቃለን። ብዙውን ጊዜ ገንዘቡ የሚጠየቀው በሽታው ከከበደ በኋላ ነው። ስለዚህ በዚህ እትም የሴት ሆድ ውስጥ ያለ ዕብጠት በመሣሪያ መታየት የጀመረበትን ታሪክ ለመጻፍ ወሰንን። ታሪኩን ስናውቅ እኛ ምን ማድረግ እንደምንችልም ይገባናል። በውጭ አቆጣጠር የተጻፉትን ዓመታት እ.ኤ.አ. ብለናል።

በእጅ ብቻ የተዳሰሰበት ዘመን

ከ200 ዓመት በፊት ሐኪም የነበረው መሣሪያ እጁ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1809 በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት ጄን ቶድ ክሮፎርድ የተባለች፣ ልጆች የወለደች ገበሬ ሴት ሆዷ እጅግ ገፋ። እርሷም ሐኪሞቿም መንታ እርግዝና ነው ብለው አመኑ። የመውለጃዋ ጊዜ አለፈ፤ ምጥ ግን አልመጣም። በዚህ ጊዜ ኤፍሬም ማክዳዌል የተባለ ሐኪም ተጠራ። በእጁ ዳስሶ ማህፀኗ ባዶ እንደሆነ፣ ያበጠው ከማህፀኗ ጎን ያለው ኦቫሪ የሚባለው እንቁላል አመንጪ አካል እንደሆነ ነገራት። ያን ጊዜ ሆድ ከፍቶ እንዲህ ያለ ዕጢ ያወጣ ሐኪም አልነበረም። ማክዳዌልም ይህን አልደበቃትም፤ ወደሚኖርበት ዳንቪል ከተማ ከመጣች ግን እንደሚሞክር ነገራት።

ጄን ክሮፎርድ ወደ 97 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ፣ ያበጠ ሆዷን ኮርቻው ላይ አስደግፋ፣ በክረምት በፈረስ ሄደች። በገና ዕለት ቀዶ ሕክምናው ተደረገላት። ማደንዘዣ ገና አልታወቀም ነበር፤ ኤተር የተባለው ማደንዘዣ በይፋ የታየው እ.ኤ.አ. በ1846 ነው። ሥራው 25 ደቂቃ ያህል ፈጀ። የወጣው ዕጢ ከ10 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝን ነበር። ከ25 ቀን በኋላ እንደገና ፈረሷ ላይ ወጥታ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ከዚያም በኋላ 32 ዓመት ኖረች።

ይህ ታሪክ ሲነገር የሐኪሙ ስም ይጎላል። ማክዳዌል በኋላ ካሳተማቸው የመጀመሪያ ሦስት ቀዶ ሕክምናዎች ሁለቱ የተደረጉት በጥቁር ሴቶች ላይ ነው፤ የእነርሱ ስም ግን አልተጻፈም። እኛ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ «እርጉዝ ናት» የሚለው ፍርድ ከጎጃም ውጭም ሴቶችን ሲያዘገይ የኖረ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ መዳኛው በሩቅ አገር ቢሆንም መንገዱን የሄደችው ራሷ ታማሚዋ መሆኗ ነው።

ራጅና ዓድዋ በአንድ ዓመት

አባቶቻችንና እናቶቻችን ዓድዋ ላይ በዘመቱበት በዚያው በ1888 ዓ.ም. ዊልሄልም ሮንትገን የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ በቩርዝቡርግ ከተማ ሥጋን አልፎ የሚሄድ የማይታይ ጨረር አገኘ። የባለቤቱን የአና በርታን እጅ አንሥቶ አጥንቷንና ቀለበቷን በፎቶ አሳየ። ይህ ዛሬ ራጅ የምንለው ነው። ሮንትገን በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1901 የመጀመሪያውን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ራጅ ለተሰበረ አጥንትና ለሳንባ ትልቅ ብርሃን ነበር። ለሴቶች የሆድ ዕብጠት ግን ብዙ አልጠቀመም። ማህፀንና ኦቫሪ ለስላሳ አካላት ስለሆኑ በራጅ ፎቶ ላይ እርስ በርሳቸው ተደበላልቀው ይታያሉ። ዕጢው እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ወይም አንዳንድ የኦቫሪ ዕጢዎች እንደሚያደርጉት በውስጡ ጥርስ ካበቀለ ብቻ ምልክት ይሰጣል። ከዚህም ሌላ ጨረሩ ለፅንስ አደጋ አለው። እንግሊዛዊቷ ዶክተር አሊስ ስቱዋርት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ፣ እናቶቻቸው በእርግዝና ጊዜ ራጅ የተነሡ ልጆች በካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከፍ እንደሚል አሳየች። ብዙዎች ለዓመታት ተከራከሯት፤ በኋላ ግን ሐኪሞች ነፍሰ ጡርን ራጅ ከማንሣት ተቆጠቡ። እንግዲህ ሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ሆነ።

ከቦይለር ፋብሪካ የመጣው መሣሪያ

ሌላው መንገድ የተገኘው በስኮትላንድ ግላስጎው ከተማ ነው። ፕሮፌሰር ኢያን ዶናልድ በዚያ ዩኒቨርሲቲ የማዋለድና የማህፀን ሕክምና መምህር ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ አየር ኃይል ስላገለገሉ፣ ድምፅ ወይም የሬዲዮ ሞገድ ልኮ የሚመለሰውን ማሚቶ በማዳመጥ የማይታየውን ማግኘት እንደሚቻል ያውቁ ነበር። መርከቦች በባሕር ሥር ያለን ነገር የሚፈልጉት በዚሁ ዘዴ ነው። ገደል አፋፍ ቆሞ የተጣራ እረኛ ድምፁ ተመልሶ ሲመጣለት ማዶው ሩቅ ይሁን ቅርብ እንደሚያውቅ ሁሉ፣ የመሣሪያውም ሥራ ይኸው ነው።

በዚያን ጊዜ ፋብሪካዎች በብረት ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅ ለመፈለግ ይህንኑ መሣሪያ ይጠቀሙ ነበር። ሐምሌ 14 ቀን 1947 ዓ.ም. ፕሮፌሰር ዶናልድ ከሴቶች ሆድ በቀዶ ሕክምና የወጡ ዕጢዎችን በሁለት መኪና ጭነው፣ የእንፋሎት ቦይለር ወደሚሠራው ባብኮክና ዊልኮክስ ፋብሪካ ሄዱ። ፋብሪካው ደግሞ ለማነጻጸሪያ የሚሆን ትልቅ ሙዳ የበሬ ሥጋ አቀረበ። ዕጢዎቹና ሥጋው በብረት መመርመሪያው ተራ በተራ ተፈተሹ። ውሃ የቋጠረው ከረጢትና ጠጣሩ ዕጢ የተለያየ ማሚቶ መለሱ። ለዚያ ቀን ይህ በቂ መልስ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት መሣሪያውን በሚሠራው ኬልቪንና ሂዩዝ ኩባንያ የተቀጠረ ቶም ብራውን የተባለ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ መሐንዲስ ነገሩን ሰምቶ ለፕሮፌሰሩ ስልክ ደወለላቸው። ዶክተር ጆን ማክቪካርም ተጨመሩ። ሦስቱ ሆነው ከሴት ሆድ ላይ ምስል የሚያወጣ መሣሪያ ሠሩ። ባልደረቦቻቸው ግን ነገሩን በጥርጣሬ ያዩት ነበር።

ጥርጣሬውን የሰበረው የአንዲት ሴት ሕይወት ነው። ይህች ሴት ሆዷ አብጦ፣ ሰውነቷ ከስቶ፣ እያስመለሳት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። በራጅ ምርመራ የጨጓራ ካንሰር እንዳለባት፣ ሆዷም ውሃ እንደሞላ፣ ቀዶ ሕክምናም እንደማይረዳት ተወስኖ ነበር። መሣሪያው ሆዷ ላይ ሲደረግ ግን የተመለሰው ማሚቶ ከተባለው ጋር አልገጠመም። የታየው በሆድ ውስጥ የተበተነ ውሃ አልነበረም፤ ጠርዙ የታወቀ አንድ ትልቅ ከረጢት ነበር። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ የኦቫሪ ከረጢት ሆኖ ተገኘ፤ ወጣላት፤ ዳነችም። ግንቦት 30 ቀን 1950 ዓ.ም. ሦስቱ ሰዎች ሥራቸውን ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። ዛሬ አልትራሳውንድ በመጀመሪያ የሚታወቀው በፅንስ ምርመራ ነው። ያ የመጀመሪያ ጽሑፍ ግን ርእሱ ራሱ ስለ ሆድ ዕብጠት ነበር።

እኛ ሂሳብ ሠራተኞች ይህን ነገር በራሳችን ሙያ እንረዳዋለን። መዝገቡ በካዝና ውስጥ ይህን ያህል ብር አለ ይላል። መዝገቡ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው ግን ካዝናው ተከፍቶ ሲቆጠር ነው። ለዚያች ሴት ቆጠራው በሕይወት ሳለች ስለደረሰላት ዳነች።

መሣሪያው ምን ያሳያል?

አልትራሳውንድ የሚልከው ድምፅ የሰው ጆሮ አይሰማውም። ጆሯችን በሴኮንድ እስከ 20,000 ንዝረት ያህል ይሰማል፤ ለሆድ ምርመራ የሚላከው ግን በሴኮንድ ሚሊዮኖች ንዝረት ያለው ነው። ጨረር የለውም፤ አያምም፤ ነፍሰ ጡርም ልትታይበት ትችላለች። ውሃ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ጠጣር ሥጋ ግራጫ ይሆናል፤ አጥንት ነጭ ሆኖ ከኋላው ጥላ ይጥላል። ከምርመራው በፊት ውሃ ጠጥታችሁ ሽንታችሁን ያዙ የምትባሉበት ምክንያትም አለው። የሞላ ፊኛ አንጀትን ወደ ላይ ይገፋና ለድምፁ እንደ መስኮት ያገለግላል። ይህንንም ዘዴ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ያስለመዱት እነዚያው የግላስጎው ሰዎች ናቸው።

ከእምብርት በታች ያለ ዕብጠት ብዙ ዓይነት ነው። ፋይብሮይድ የሚባለው የማህፀን ጡንቻ ዕጢ በብዛት የሚታይ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። ነገር ግን ብዙ ደም በማፍሰስ ያደክማል፤ አንዳንዴም እርግዝናን ያውካል። በኦቫሪ ላይ የሚወጣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት በወጣት ሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ በራሱ ይጠፋል፤ ስለዚህ ሐኪሙ «ተመልሰሽ ነይና እንየው» ቢል ችላ ማለቱ አይደለም። ከማህፀን ውጭ የተቀመጠ እርግዝና ግን ቀን አይሰጥም። የወር አበባ ቀርቶባት በአንድ ጎኗ ኃይለኛ ሕመም የተሰማትና ራሷን የሳተች ሴት በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለባት። ከረጢት ያለበት ኦቫሪ ሲጠመዘዝም ሕመሙ ድንገተኛና ብርቱ ነው፤ ይህም አያስጠብቅም። የወር አበባዋ ከተቋረጠ ዓመታት ያለፏት ሴት አዲስ ዕብጠት ወይም ደም ካየች ደግሞ ሳትውል ሳታድር መታየት ይገባታል።

ከአልትራሳውንድ በኋላ ሌሎች መሣሪያዎችም መጡ። ሲቲ ስካን በሰው ላይ መጀመሪያ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን አጠገብ ባለ ሆስፒታል ሲሆን፣ የመጀመሪያዋ ታማሚም ሴት ነበረች። ኤምአርአይ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ተጀመረ። ሲቲ ስካን በሽታው ምን ያህል እንደተሠራጨ፣ ኤምአርአይ ደግሞ ዕጢው ከየትኛው አካል እንደተነሣ በተሻለ ያሳያሉ። ዋጋቸው ግን ከባድ ነው፤ የሚገኙትም በትልልቅ ከተሞች ነው። ለአብዛኛው ዕብጠት የመጀመሪያው ጥያቄ በአልትራሳውንድ ይመለሳል።

መሣሪያው የማይችለውንም መናገር ይገባናል። ምስል ስለ ካንሰር ጥርጣሬ ይሰጣል እንጂ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ከዕጢው የተወሰደ ናሙና ነው። ጤነኛ ሴቶችን ሁሉ በየዓመቱ በአልትራሳውንድ ማየትም እንደታሰበው አልጠቀመም። በእንግሊዝ አገር ከ200,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት የረጅም ዓመታት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱን ሲያወጣ፣ እንዲህ ያለው ምርመራ በኦቫሪ ካንሰር የሚሞቱትን ቁጥር እንዳልቀነሰ ተናግሯል። ስለዚህ «ሁላችሁም ሄዳችሁ ተነሡ» አንልም፤ የምንለው «ምልክት ያላት አትዘግይ» ነው። ገና የጀመረ የማህፀን በር ካንሰርም በአልትራሳውንድ አይታይም። ለእርሱ በጤና ተቋማት የሚሰጠው፣ አሴቲክ አሲድ ተቀብቶ የሚታይበት ምርመራ አለ። በ2011 ዓ.ም. በአገራችን የተጀመረው የልጃገረዶች ክትባትም አለ። አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

በእኛ አገር

የሴቶች ሕመም በአገራችን የድሃ ቤት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን በለንደን የነርስነት ሙያ የተማሩ ነበሩ። በ1934 ዓ.ም. በወለጋ፣ በነቀምቴ ከተማ፣ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር በወጣትነታቸው ዐረፉ። በስማቸው በአዲስ አበባ ሆስፒታል ታነጸ። እ.ኤ.አ. በ1959 ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ከአውስትራሊያ የመጡት በዚያ ሆስፒታል አዋላጆችን ሊያሠለጥኑ ነበር። ቆይተውም የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ፤ ባሕር ዳርም ማዕከሉ አለ። ይህን የምናነሣው የሴት ሕመም የሚሻሻለው ስሙ በግልጽ ሲጠራ መሆኑን ስለሚያስተምር ነው። ፊስቱላም በጓሮ የሚደበቅ ነውር ተብሎ የኖረ በሽታ ነበር።

ዛሬ አልትራሳውንድ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር 24 ሳምንት ሳይሞላት አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እንድትታይ መክሯል። በአገራችንም ሠልጥነው በጤና ጣቢያ በትንሽ አልትራሳውንድ የሚሠሩ አዋላጆች አሉ። እርግዝናን ለማየት የሠለጠነች አዋላጅ ግን ሌላ ዕብጠት ስታይ ሪፈር ትጽፋለች፤ ይህም ትክክል ነው። ከጉንደ ወይን የተጻፈ ሪፈር ወደ ሞጣ፣ ከዚያም ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም በባሕር ዳር ወዳሉት ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች ሊወስድ ይችላል።

ብዙዎች የሚቀሩት እዚህ ላይ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በሪፈር ለሄደች አባል ሕክምናዋን ይሸፍናል። መድኅኑ የማይከፍለውን ስንደምር ግን የመኪና፣ የማደሪያ፣ የምግብና የአስታማሚ ወጪ ይቀራል። መንገድ ሲዘጋ መመለሻውም አይታወቅም። እቤት የቀሩትን ልጆችና ከብቶች የሚጠብቅ ሰውም ያስፈልጋል። ከዚህ ሁሉ ላይ ፍርሃቱ አለ፤ «ከታየሁ ካንሰር ነሽ እባላለሁ» የሚል። ጠበል የሚጠመቁ እህቶቻችንን ጠበሉን ተዉ አንልም፤ ጠበሉም ምርመራውም ለአንዲት ነፍስ ናቸው። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለሁለቱም ይሠራል።

ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ

በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ከብድር አገልግሎት ገቢያችን የተወሰነ እጅ ተለይቶ «የምርመራ መንገድ» በሚል ራሱን በቻለ የሂሳብ ርእስ እንዲቀመጥ ሐሳብ እናቀርባለን። ይህ ገንዘብ ብድር አይሆንም። ሪፈር የያዘች አባል የመጓጓዣዋንና የአንዲት አስታማሚ እህት ወጪ በደረሰኝ የምታወራርድበት ድጋፍ ይሆናል። የምርመራ ውጤቷ የራሷ ምስጢር ነው፤ ሂሳብ ክፍሉ የሚጠይቀው ሪፈር መጻፉንና የወጪ ደረሰኝ ብቻ ነው።

«ማኅበራችን ሆስፒታል አይደለም፤ የብድሩ ገንዘብ ይሳሳል» የሚሉ አባላት እንዳሉ እናውቃለን። ስጋታቸው ተገቢ ነው፤ ለዚህም ሲባል ድጋፉ ጉባኤው በሚወስነው ጣሪያ ይታጠራል። ነገር ግን ዘግይታ የምትታከም አባል ብድሯን ለመክፈል የምትሠራበት ጉልበት አይኖራትም፤ ዋሶቿም አብረዋት ይጎዳሉ። ይህ ገንዘብ ቀድሞም ሲወጣ የኖረ ነው። አሁን የምንጠይቀው በጊዜው እንዲወጣ ነው።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለን። መሣሪያ ለመለገስ የምታስቡ ካላችሁ እናመሰግናለን፤ አስቀድማችሁ ግን ከጤና ጽሕፈት ቤቱ ጋር ተመካከሩ። የግላስጎው ታሪክ እንደሚያሳየው መሣሪያው በፋብሪካ ውስጥ ቀድሞም ነበር። የጎደለው ምስሉን የሚያነብ፣ ሲበላሽ የሚጠግን፣ ታማሚዋንም የሚያደርስ ሰው ነበር። ለማንበቡና ለመጠገኑ የሚሠለጥኑ ባለሙያዎች ያስፈልጋሉ፤ እዚያ ላይ ብትረዱ ሥራው ይዘልቃል። ታማሚዋን ማድረስ ግን የእኛ የእህቶቿ ድርሻ ነው።

ዕብጠት፣ ያልተለመደ የደም መፍሰስ ወይም የማይለቅ የሆድ ሕመም ያላት አባል በቀበሌዋ ላለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትንገር፤ ወይም በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። የጤና መድኅን ደብተሯን፣ የቀድሞ የሕክምና ወረቀቶቿንና የመጨረሻ የወር አበባዋ የመጣበትን ቀን ጽፋ ትያዝ። ብቻዬን አልሄድም የምትል ካለች ለቡድን መሪዋ ታሳውቅ፤ አብራት የምትሄድ እህት እንመድባለን።